ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት



ጌታችን ከአንድ ሰው ስለ ወጣው ርኩስ መንፈስ የተናገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን (ሉቃ. 11፥24-26)። መንፈሱ ዕረፍት ፈልጎ በደረቅ ስፍራ ይዞራል፤ ባጣም ጊዜ ወደ ቀድሞ ቤቱ ይመለሳል፤ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችንም አስከትሎ ይገባል፤ የዚያም ሰው የኋለኛው ኑሮ ከፊተኛው ይብሳል። በዚህ ምሳሌ ላይ ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሰባቱ መናፍስት ነው። ስለ ቤቱ ሁኔታ ግን እምብዛም አይነገርም። መንፈሱ ሲመለስ ቤቱን ያገኘው ቆሽሾ አይደለም፤ ተጠርጎና ተሰናድቶ ነው። ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? ማቴዎስ ይህንኑ ሲጽፍ አንዲት ቃል ይጨምርልናል፤ ቤቱ ባዶ ነበር (ማቴ. 12፥44)።

ወጣቶቻችንን ከጫት፣ ከመጠጥ፣ ከሲጋራና ከሺሻ ለመጠበቅ በየቁምስናው የምናደርገው ጥረት አብዛኛው መጥረግ ነው። እንገሥጻለን፤ እናስጠነቅቃለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪም ጋብዘን ስለ ጉበትና ስለ ሳንባ እናስተምራለን። ወጣቱም አዳምጦ፣ ተስማምቶ፣ አንዳንዴም አልቅሶ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ግን የሚሄድበት ስፍራ የለውም። የጫት ቤቱ በር ክፍት ነው፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ጓደኞቹም እዚያው ናቸው።

በትምህርት ብቻ የሚደረግ ጥበቃ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ሌሎች አገሮች በብዙ ገንዘብ ሞክረው አይተውታል። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 ዴር የተባለ መርሐ ግብር ተጀመረ። ፖሊሶች ወደ ትምህርት ቤት እየገቡ ሕፃናቱ አደንዛዥ ዕፅን እንቢ ማለትን እንዲለምዱ ያስተምሩ ነበር። ወላጆች ወደዱት፤ መንግሥት ደገፈው፤ በመላው አገሪቱም ተስፋፋ። ተመራማሪዎች ልጆቹን ከዓመታት በኋላ ተከታትለው ሲመረምሩ ግን በመጀመሪያው ዝግጅት የተማሩትና ያልተማሩት ዕፅ በመውሰድ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። ይህን የማነሣው አሜሪካኖቹን ለመንቀፍ አይደለም። የእኛ የዓመት አንድ ቀን ጉባኤ ከዚያ ትምህርት እጅግ ያጠረ መሆኑን እንድናስተውል ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዘች አንዲት አገር አለች፤ እርስዋም አይስላንድ ናት። በሰሜን አትላንቲክ የምትገኝ፣ ሕዝቧ 400 ሺህ ገደማ የሆነ፣ ቅዝቃዜና ጨለማ የሚበረታባት ደሴት ናት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶቿ በስካር የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆኑት መካከል 42 ከመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደ ነበር ተናገሩ፤ 23 ከመቶው በየቀኑ ሲጋራ ያጨሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚህ ቁጥሮች ወደ 5 ከመቶና ወደ 3 ከመቶ ወርደው ተገኙ። በዚያው ዘመን በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የወጣቶች መጠጥ ስለ ቀነሰ የውጤቱን ሁሉ ምክንያት ለዚህ መንገድ ብቻ መስጠት ተገቢ አይደለም። ሆኖም የአይስላንድን ያህል የወረደ እምብዛም የለምና መንገዱን መመርመር ይገባናል።

የሐሳቡ አንዱ ምንጭ ሃርቪ ሚልክማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ይህ ሰው ወጣቶች የሚሹት ዕፁን ብቻ ሳይሆን ዕፁ በስሜታቸው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንደ ሆነ ተገነዘበ። እንግዲያውስ ያንን ለውጥ በሙዚቃ፣ በውዝዋዜ፣ በሥዕልና በስፖርት ቢያገኙትስ ብሎ በዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ ጀመረ። አይስላንዳውያን ይህን ሐሳብ ከእርሱ ሰሙ፤ ነገር ግን እንዳለ አልገለበጡትም። እርሱ ችግር ውስጥ ለገቡ ወጣቶች ያዘጋጀውን እነርሱ ገና ችግር ላልነካቸው ለሁሉም አደረጉት። ስለዚህ ዛሬ የአይስላንድ መንገድ እየተባለ የሚጠራው ራሱ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአገሩ ልብስ የተሰፋ ነው።

አስቀድመው ያደረጉት ልጆቹን መጠየቅ ነው። ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ መጠይቅ ይሞላሉ፤ ውጤቱም በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ብዙ ሳይቆይ ለየትምህርት ቤቱና ለየአካባቢው ይመለሳል። ከዚህም የማይጠጡትን ልጆች ከሚጠጡት የሚለያቸው ምን እንደ ሆነ ታወቀ። በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ አዋቂ ባለበት ስፖርት ወይም ሌላ ሥራ ላይ የሚውሉ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉ፣ በትምህርት ቤታቸው የሚያስብላቸው ሰው እንዳለ የሚሰማቸው፣ በምሽት ደጅ የማያመሹ ልጆች ይጠበቁ ነበር። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ነገሮች መካከል ልጁ ስለ አልኮል ያለው ዕውቀት አልተቈጠረም። ሁሉም በልጁ ዙሪያ ያሉ አዋቂዎች የሚሠሩት ሥራ ነው።

ሥራውም በዚሁ መሠረት ተከናወነ። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ሲጋራ፣ ከ20 በታች ለሆነ መጠጥ መሸጥ ተከለከለ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ በበጋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻቸውን ደጅ እንዳይገኙ ተደነገገ። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ማኅበር ተቋቋመ፤ ወላጆችም ልጆቻቸው እስከ ስንት ሰዓት እንዲያመሹ እንደሚፈቅዱ በጋራ ተስማምተው ፈረሙ። በዋና ከተማዋ በሬይክያቪክ ለየልጁ የስፖርትና የሙዚቃ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ትልቁን ትምህርት የያዘው የወላጆቹ ስምምነት ይመስለኛል። አንድ አባት ብቻውን «በ2 ሰዓት ግባ» ቢል ልጁ «የእገሌ አባት ይፈቅድለታል» ብሎ ይሟገታል፤ አባቶች ሁሉ አንድ ቃል ሲናገሩ ግን ክርክሩ ያልቃል።

ይህ መንገድ ከአይስላንድ ወጥቶ በምዕራብ አየርላንድና በቺሌ ተሞክሯል። ወደ እኛስ ሊመጣ ይችላልን?

ከውጭ የመጣ መልካም ነገር እንዴት መቀበል እንዳለበት እኛ ካቶሊካውያን መምህር አለን። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ ሲገቡ የአገራቸውን ልማድ በሕዝቡ ላይ ሊጭኑ አልመጡም። የአገሩን ልብስ ለበሱ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ የላቲኑ ሥርዓት በግዕዙ ሥርዓት ቦታ እንዲገባ አልፈለጉም። ያመጡት ወንጌልን ነው፤ ዕቃውን ግን እዚሁ አገኙት። ስለ አይስላንድም መንገድ እንዲሁ ማሰብ ይገባናል። የመዋኛ አዳራሽ፣ የሙዚቃ ትምህርት ክፍያ፣ በየምሽቱ ልጆችን ወደ ቤት የሚሸኝ ፖሊስ የለንም፤ እነዚህን እስክናገኝ ብንጠብቅ ልጆቻችን ይሸብታሉ። ነገር ግን በዕቃው ውስጥ ያለውን ይዘት፣ ማለትም በአዋቂ ዓይን ሥር የሚያልፍን ሰዓትና የወላጆችን አንድነት፣ የምንይዝበት የራሳችን ዕቃ አለን።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እንመልከት። በብዙ ከተሞቻችን ትምህርት በፈረቃ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ እኩለ ቀን ላይ ይለቀቃል። ወላጁ በሥራ ላይ ነው። እናቱ በዐረብ አገር ተቀጥራ ገንዘብ የምትልክለት ልጅ ከሆነ ደግሞ በኪሱ ብር አለው፤ በቤቱ ግን ከደከሙ አያቱ በቀር የሚጠብቀው የለም። በርጫ የሚጀመረው በዚሁ ሰዓት ነው። ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ ይከተላል፤ ጫት ብቻ የፈለገው ልጅ ማታ መጠጥ ቤት ይገኛል። እንግዲህ በአይስላንድ አስፈሪው ሰዓት ሌሊቱ ከሆነ በእኛ ዘንድ ከቀኑ 7 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው። የሰዓት እላፊ ሕግ ቀድተን ብናመጣ ልጁ በሰዓቱ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የሚገባው ግን ቅሞ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በዚያ ሰዓት የቁምስናዎቻችን ቅጥር ግቢ በምን ሁኔታ ላይ ነው? በአብዛኛው ተቆልፏል። አዳራሹ ለእሑድ ይጠበቃል፤ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፤ ዘበኛውም ኳስ ይዞ የመጣውን ልጅ «አትክልት ትሰብራለህ» ብሎ ይመልሰዋል። አትክልቱ ይሰበር! አበባ በሚቀጥለው ክረምት ይተከላል።

ብዙ ተማሪዎች ጫት የሚቅሙት ለደስታ ሳይሆን ለጥናት እንደ ሆነ ካቴኪስቶች በሚገባ ታውቃላችሁ። የብሔራዊ ፈተና ሲደርስ እንቅልፍን ለማባረር ይጀምራሉ፤ ፈተናው ያልፋል፤ ልማዱ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ስለ ጫት ጉዳት ከመስበክ ይልቅ መብራት ያለበት ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ሂሳብና ፊዚክስ የሚያስረዳ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በጊዜ ተኝቶ በጊዜ መነሣትን የሚያስለምድ ሰው ይሻለዋል። ይህ ከቁምስና አቅም በላይ አይደለም። ለወጣቱ የሚያስፈልገው ደስታም አይረሳ፤ ከበሮና መዝሙር፣ ድራማና መረብ ኳስ ሚልክማን በዴንቨር ከፈለገው ለውጥ ያነሰ ስሜት አይሰጡም። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ ወጣት ይህን ያውቀዋል።

የወላጆችን ስምምነት በተመለከተ ግን ቁምስናው ራሱ ተስማሚ ዕቃ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገራችን የካቶሊካውያን ቁጥር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የእኛ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አብሮት የሚሄደው የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙና የፕሮቴስታንቱ ጎረቤት ልጅ ነው። ካቶሊካውያን ወላጆች ለብቻቸው ቢስማሙ አንዱን በግ ከመንጋው ነጥሎ እንደ ማሰር ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ዕቃ አስቀድሞ አለ፤ እርሱም ዕድር ነው። ዕድር ደንብ አለው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ስብሰባ የቀረ የሚከፍለው መቀጫ አለው። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የተደራጀ ሰፈር ለሚኖር ልጅ አንድ አንቀጽ መጨመር አያቅተውም።

አንቀጹ ስለ ምን ይሁን? ስለ ልጆች ብቻ ይሁን። ከጎረቤቶቻችን መካከል ጫት በጸሎትና በሽማግሌዎች ጉባኤ ቦታ ያለው ወገን አለ፤ የአዋቂውን ልማድ ለመዳኘት ከተነሣን በመጀመሪያው ስብሰባ እንበተናለን። ነገር ግን ልጅን «ሂድ ጫት ገዝተህ ና» ብሎ አለመላክ፣ ለልጅ አረቄ አለመሸጥ፣ የጎረቤትን ልጅ ጫት ቤት ያየ ሰው ለወላጁ መንገር እንደሚችልና ወላጁም እንደማይቆጣ መስማማት፣ እነዚህ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር አይጋጩም። በተለይ የመጨረሻው ቀድሞ የነበረን ነው። የሰፈር ሰው ሁሉ የሰፈሩን ልጅ ይቆጣ ነበር፤ ዛሬ ግን «ምን አገባህ» የሚለውን ፈርተን አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን።

አሁን አይስላንዳውያን ወዳላነሡት ጉዳይ እንመጣለን። ሕግ እኛም አለን፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ መጠጥ በሬድዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅም አድርጓል። ይሁን እንጂ አዋጁ በጓሮዋ አረቄ ከምታወጣው እናት ደጅ አይደርስም። ይህች እናት እሑድ በቅዳሴ መካከል ከፊታችን የምትቆም ናት። ባልዋ ሞቶባት፣ በዚያ ምድጃ ጢስ ዓይኗ ጠፍቶ አራት ልጆች ታስተምራለች። ጫቱንም ተክሎ ለቤተ ክርስቲያን ዐሥራት የሚያወጣው ገበሬ ምእመናችን ነው፤ ቡናና ጤፍ የማይከፍሉትን ጫቱ ይከፍለዋል። ጫት በሕግ የተፈቀደ፣ ለአገርም የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ተክል መሆኑም የታወቀ ነው።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ከመንበረ ስብከት ነጎድጓድ ማውረድ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሕ አይደለም። አማራጭ ሳንሰጥ የሰውን እንጀራ ኃጢአት ብለን ብንጠራው ሰውየው እንጀራውን አይተውም፤ ቤተ ክርስቲያንን ይተዋል። በሌላ በኩል ዝም ማለትም አይፈቀድልንም፤ የዚያች እናት አረቄ የሚያሰክረው የሌላ እናት ልጅ ነውና። ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው ዛሬውኑ ሊጠየቅ የሚችል ነው፤ ለልጅ አትሽጪ፤ ልጅሽንም ቀጂ አድርገሽ በሰካራም መካከል አታቁሚ። ሁለተኛው ጊዜ የሚፈልግና ከእርስዋ ሳይሆን ከእኛ የሚጠበቅ ነው፤ የቁምስናው የበጎ አድራጎት ክፍል ለዕቁብ መነሻ፣ ለእንጀራ ጋገራ፣ ለዶሮ እርባታ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ ከምድጃው መውጣት ለምትፈልገው እናት ቅድሚያ ይስጥ። ሁሉም ይወጣሉ ብዬ አልጠብቅም፤ አረቄ በየቀኑ ገንዘብ ያስገባል፤ ዶሮ ግን ትታመማለች።

መጠይቁንም አንርሳ፤ የሁሉ መነሻ እርሱ ነውና። ካቴኪስቶች ለዚህ ታላቅ ጥናት አያስፈልጋችሁም። ስም የማይጻፍበት ወረቀትና የተቆለፈ ሣጥን ይበቃል። ትናንት ከምሳ በኋላ የት ዋልክ? ከማን ጋር? ባለፈው ሳምንት ከቤተሰብህ ጋር ስንት ማታ ራት በላህ? ጫት ወይም መጠጥ መጀመሪያ የቀመስከው የት ነው፣ ማን ሰጠህ? ችግር ቢገጥምህ የምትነግረው አዋቂ አለን? ወረቀቱ ለቅጣት እንደማይውል ለልጆቹ ቃል ግቡ፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። የእጁን ጽሕፈት አውቄዋለሁ ብሎ አንድ ልጅ ጠርቶ የሚገሥጽ ካቴኪስት ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል። ካህናትን በተመለከተ ደግሞ፣ በምሥጢረ ንስሐ የሰማነው በዚህ ሥራ ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ በቁጥር መልክ እንኳ አይጠቀስም። ይህ ለልጆቹ አስቀድሞ በግልጽ ይነገራቸው።

የሚያስብለት አዋቂ የለኝም ብሎ የሚመልስ ልጅ ቢበዛ አትደነቁ። እንዲህ ላለው ልጅ ቤተ ክርስቲያን ገና በጥምቀቱ ዕለት ሰው ሰጥታው ነበር፤ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት። ዛሬ የብዙዎቻችን የክርስትና ልጅነት በበዓል ቀን ከሚሰጥ ስጦታ አያልፍም። የጥምቀት መዝገቡ በቁምስናው ጽሕፈት ቤት አለ። ዕድሜያቸው 13 የሞላቸውን ልጆች ከመዝገቡ አውጥቶ ለየክርስትና አባታቸው «ልጅህ በወር ሁለት ጊዜ ይጎብኘኝ ይላል» የሚል አጭር ደብዳቤ መላክ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። አይስላንዳውያን ቢያዩት የሚቀኑበት ሀብት ይህ ይመስለኛል።

ከራሳችን ማኅበራት ጋር የምንነጋገረው አንድ ነገር ይቀራል። በጽዋ ማኅበር ጠላ መቅረቡ የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን በብዙ ቤት ለበዓሉ ከተጠመቀው ለልጁም በትንሽ ጣሳ ይቀዳለታል፤ ሲንገዳገድም እየተሳቀ «ጎበዝ» ይባላል። መጀመሪያ የቀመስከው የት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ቤታችን፣ የማርያም ዕለት» የሚሆንባቸው ወረቀቶች ጥቂት አይሆኑም። ለልጆቹ ብርዝ ወይም ቃሪቦ ለብቻ ይዘጋጅ። የማኅበሩ ሙሴዎች ይህን በመጪው ተራ ቢወስኑ ወጪው ከአንድ እንስራ አይበልጥም።

ትምህርት ቤት ከመስቀል በዓል በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲደላደል ሣጥኑን ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የየቁምስናው ምክር ቤት ተሰብስቦ አንድ ጉዳይ ይቁረጥ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የአዳራሹን ቁልፍ ማን ይይዛል? ጡረታ የወጡ መምህራን በየቁምስናው አሉ፤ አስቀድሞ እነርሱ ይጠየቁ።